የግቢው ቧንቧ ለምን ሞቀ?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ገሳይ የሚሄድ ሰው በየመንገዱ ልብስ እየደረበ ነው የሚሄደው። ወረታ ላይ ሸሚዝ ይበቃዋል፤ ዙሪያው የፎገራ ሜዳ ነው፣ ሙቀቱም የጣና ዳር ሙቀት ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለውን፣ ወልድያ ድረስ የሚዘልቀውን መንገድ ይይዛል። ዓለም በር ላይ ሹራብ ከሻንጣ ይወጣል። ደብረ ታቦር ላይ ጃኬት። ክምር ድንጋይን አልፎ ገሳይ ሲገባ ሰው ሁሉ በጋቢ ተጠቅልሎ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተኛው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ ላይ ናት፤ ገሳይ ከዚያም ከፍ ብላ የጉናን ትከሻ ተደግፋለች። ጉና ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በጥር ማለዳ በገብሱ ቃርሚያ ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተነስንሶ ይታያል።

በ2011 ዓ.ም. ጥምቀትን እናቴ ዘንድ ለማክበር ሁለቱን ልጆቼን ይዤ የወጣሁት በዚሁ መንገድ ነበር። ልጆቹ የአዲስ አበባ ልጆች ስለሆኑ ብርዱን ፈርቼላቸው ነበር። ያጽናናኝ ነገር እናቴ ቤት ሙቅ ውኃ መኖሩ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ቦይለሩን ያስገባንላት እኔና ወንድሜ ነን።

እናቴ ቁርጥማት አለባት። ጉልበቷን ይይዛታል፣ የእጇን ጣቶች ያጎብጥባታል። ልጆች ሳለን እህል ከተሰበሰበ በኋላ ስንቋን ቋጥራ ዋንዛዬ ትወርድ ነበር። ዋንዛዬ በደራ ወረዳ፣ ከጉማራ ወንዝ አቅራቢያ ያለ ፍል ውኃ ነው፤ ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ ቆዳዬን የሚል ሁሉ ከየአቅጣጫው መጥቶ ቀናት ሲነከርበት የሚሰነብትበት። ጉማራ ደግሞ የሚነሣው ከእኛው ከጉና ስለሆነ እናቴ «ከዚህ በረዶ ሆኖ ይሄድና እዚያ ሙቅ ሆኖ ይጠብቀኛል» ትላለች። የፍል ውኃው ሙቀት የሚመጣው ከመሬት ሆድ እንጂ ከወንዙ እንዳልሆነ አንድ ሁለቴ ላስረዳት ሞክሬ ትቼዋለሁ። የእሷ ይሻላል።

ዕድሜዋ ሰባ አምስትን ሲሻገር ጉዞው ከበዳት። እንግዲያውስ ዋንዛዬን ወደ ቤቷ እናምጣላት ተባባልንና 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር ገዝተን ላክን። ከዚያ ወዲህ በስልክ «ቦይለሩ እንዴት ነው?» ባልኳት ቁጥር መልሷ «እሰይ፣ ተመስገን፣ ዕድሜ ይስጣችሁ» ነበር። በዚህ መልስ ውስጥ «ይሠራል» የሚል ቃል አለመኖሩን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ጥምቀት ባለፈ በማግስቱ ጧት የስምንት ዓመቱ ልጄ ሊታጠብ ገባና እየጮኸ ወጣ። «ውኃው ነከሰኝ!» አለ። እጁን አየሁት፤ ምንም የለበትም። አልተቃጠለም፣ አልተቆረጠም። እናቴ ከማጀት ብቅ ብላ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ እሱ አንዳንዴ ይነዝራል። እኔ በዚህች ነው የምከፍተው» ብላ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ የተደገፈች አንዲት የወይራ ዘንግ አሳየችን። ጫፏ ላይ ጨርቅ ተጠቅልሎባታል።

ያቺን ዘንግ ሳይ የተሰማኝን መጻፍ ያስቸግረኛል። ቆጣሪው ሥር ሄጄ የቦይለሩን ማጥፊያ ዘጋሁና ማንም እንዳይነካው አልኩ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፌ ትንሽ ቆየሁ።

የአክስቴ ልጅ መርከበኛ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ካለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ተመርቆ በውጭ አገር መርከቦች ላይ በመካኒካል መሐንዲስነት ይሠራል። ያን ቀን መርከቡ ወደብ ላይ ነበርና ስልኩን አነሣ። የነገርኩትን ሰምቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ ማጥፊያውን መዝጋቴን ነው። ቀጥሎ ያለኝ ነገር ግራ አጋባኝ፦ «እንግዲህ በሸራ ጀልባ ላይ ያለሽ አድርገሽ አስቢ።»

በሸራ ጀልባ አገር ለአገር የሚዞሩ ሰዎችም ሙቅ ውኃ አላቸው። ከወለሉ ሥር ትንሽ ታንከር አለች፤ ውኃዋ የሚሞቀው ሞተሩን አቀዝቅዞ በሚመለሰው ትኩስ ውኃ ነው፣ ወደብ ሲደርሱ ደግሞ በኤሌክትሪክ። ሙቅ ውኃ የጠፋ ቀን ታዲያ ባሕር መሐል ቧንቧ ሠራተኛ አይጠራም። ጀልባዋ ያላት ውኃ የተሸከመችው ብቻ ነው፣ ያላት ኤሌክትሪክም የቆጠበችው ብቻ። ስለዚህ ከማጠራቀሚያው ይነሡና ውኃውን በእግሩ ይከተሉታል፤ ውኃ አለ ወይ? የሚገፋው ኃይል አለ ወይ? መንገዱ ላይ አየር ገብቷል ወይ? የት ይሄዳል፣ ወዴት ይመለሳል? ውኃው በትክክል መጓዙን ሳያረጋግጡ ማሞቂያውን አይነኩም። «የአክስቴ ቤትም ጀልባ ነው» አለኝ። «ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው? መብራትስ? ጠጋኙስ ከየት ነው የሚመጣው? በይ ከሮቶው ጀምሪ።»

ሮቶው ከቤቱ ጀርባ በባሕር ዛፍ ቆጥ ላይ ተቀምጧል፤ 500 ሊትር ይይዛል። የከተማው ውኃ በሌሊት ሲመጣ ይሞላል፣ ቤቱ የሚጠቀመው ከእሱ ነው። ልጄ ወጥታ ክዳኑን ስትከፍት ውኃው ከግማሽ በታች ነበር። ከዚያ ውስጥ ገብተን ቦይለሩን አየን። ያስገባው ሰው ከበሩ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ሰቅሎታል፤ ቦታ እንዳይዝ ብሎ ይመስለኛል። ልጄ በገመድና በሜትር ስትለካ የቦይለሩ አናት ከሮቶው ወገብ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ይህ ለምን እንደሚያስቸግር ሲነገረኝ ቀላል ነበር። በቦይለር ውስጥ ቀዝቃዛው ውኃ የሚገባው ከሥር ነው፤ ሙቁ የሚወጣው ከአናቱ ነው። ሙቁን የሚያስወጣው ሌላ ነገር የለም፣ ከሥር የሚገባው ቀዝቃዛ ሲገፋው ብቻ ነው። ፓምፕ በሌለበት ቤት ግፊት ማለት ከፍታ ማለት ነው፤ ሮቶው ከቧንቧው አሥር ሜትር ቢበልጥ አንድ ባር ግፊት ይገኛል፣ አንድ ሜትር ቢበልጥ የዚያ አንድ አሥረኛ። ከፍታው ዜሮ ሲሆን ደግሞ ውኃው ባለበት ይቆማል። ስለዚህ የእናቴ ሻወር ሙቅ ውኃ የሚሰጠው ሮቶው ሞልቶ ባደረ ቀን ብቻ ነበር። እሷ ይህን ታውቀው ነበር፤ ምክንያቱን ሳይሆን ልማዱን። «ሰኞ ይሻለዋል፣ ዓርብ ዓርብ ያኮርፋል» አለችኝ።

የግቢው ቧንቧ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበት ድረስ ነው ቁመቱ። እሱን ክፈችው ስላት እናቴ ፈገግ አለች። «እሱማ የተባረከ ነው። ዕቃው አዲስ ሳለ ሮቶው ባዶ በሆነ ቀን እንኳ ጧት ስከፍተው ለብ ያለ ውኃ ይሰጠኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ዋንዛዬ በጓሮ ገባልሽ ይሉኝ ነበር። ኋላ ክረምት ላይ ተወኝ።»

ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው በስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «የመታጠቢያ ቤቱን የሙቅ ቧንቧ ማታ ክፍት ትተወዋለች?» አለ።

ትተወዋለች። ጀሪካን ከሥሩ ታስቀምጥና ትከፍተዋለች፤ በሌሊት ውኃ ሲመጣ ጠብ ጠብ ሲል ሰምታ ለመነሣት። በየቤታችን ይህን የማያደርግ ማነው? አዲስ አበባም እናደርገዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮቶው ባዶ ነው። ላይ ያለው የሙቅ ቧንቧ ክፍት ስለሆነ አየር ያስገባል። ታች ያለው የግቢ ቧንቧ ሲከፈት ቦይለሩ ውስጥ የተቀመጠው ውኃ በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ እንዳይሆን ቦይለሩ ሥር፣ ቀዝቃዛው በሚገባበት አፍ ላይ ትንሽ የነሐስ ዕቃ ትገጠማለች፤ ውኃ ታስገባለች እንጂ አትመልስም። የእናቴ ግን በድፍርስ ውኃ አሸዋና ጭቃ ገብቶባት መዝጋት ትታለች። በቤቷ በረከት ተብሎ የተቀዳው ለብ ያለ ውኃ የቦይለሩ ሆድ ሲገለበጥ ነበር። እሷም ባዶውን ዕቃ ታበራለች። ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ ደግሞ በውኃ ካልተከበበ በደቂቃዎች ውስጥ ግሎ ይፈነዳል። ውኃ የሌለው ድስት እሳት ላይ እንደ መጣድ ነው።

ስለ መንዘሩም ያኔ ገባኝ። የሬዚስታንሱ ልባስ ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ ውኃውን ይነካል፤ ውኃው ታንከሩን፣ ታንከሩ የብረት ቧንቧውን። ከዚያ በኋላ ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ይፈልጋል። በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው።

በማግስቱ ከደብረ ታቦር አንድ ወጣት ባለሙያ አመጣን። ዕቃውን አብረን ስንፈልግ የመጀመሪያው ሱቅ የለም፣ ሁለተኛውም የለም አለን። ልጁ ቀልደኛ ነው፤ «ጋፋት ላይ መድፍ የተሠራበት አገር ሬዚስታንስ ጠፋበት» አለ። ልጆቼ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያኑ ሠራተኞች ሴባስቶፖልን ያሠሩበትን ጋፋትን በትምህርት ቤት ስለተማሩ የት እንደሆነ ካላሳየን ብለው ያዙት፤ አቅጣጫውን በእጁ ጠቆማቸው። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ተገኘ።

ቦይለሩ ወርዶ ሲከፈት ሬዚስታንሱ ከወገቡ ተተርትሯል። ከታንከሩ ሥር ሁለት እፍኝ የሚሆን ቀይ ጭቃና ነጭ ፍርፋሪ ወጣ፤ ነጩ ውኃ ሲሞቅ የሚተወው ኖራ ነው። ባለሙያው ያቺን የነሐስ ዕቃ በእጁ አገላብጦ ሲያያት ደግሞ ሌላ ነገር አገኘ። በጎኗ ያለችው ቀዳዳ በእንጨት ተወትፋለች። እናቴ አፈረች። «ያንጠባጥብ ነበር፤ ውኃ ከሚባክን ብዬ የጎረቤት ልጅ አስደፈንኩት» አለች።

እዚህ ላይ አንባቢን ትንሽ ላቆም፣ ምክንያቱም ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ። ውኃ ሲሞቅ ያብጣል። 50 ሊትሩ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ 60 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሊትር የማይሞላ ትርፍ ይፈጥራል፤ መግቢያው ተመላሽ ስለማይፈቅድ ያ ትርፍ መውጫ ያስፈልገዋል። ቦይለር ሲሞቅ የምታንጠባጥበው ቀዳዳ ያቺ መውጫ ናት። አልተበላሸችም፣ ሥራዋን እየሠራች ነው። ስትደፈንና ሙቀት መቆጣጠሪያው ደግሞ አልጠፋ ሲል ታንከሩ ግድግዳ ይዞ ሊፈነዳ ይችላል። ሥሯ ቆርቆሮ ወይም ላስቲክ ቱቦ ማድረግ እንጂ መድፈን አይገባም። የእናቴን ከጥፋት ያዳናት ያው የመጀመሪያው ብልሽት ነው፤ ውኃው ወደ ኋላ ይመለስ ስለነበር ግፊቱ መተንፈሻ አላጣም። አንዱ በሽታ ሌላውን ሸፍኖት ኖሯል።

ያናደደኝ ግን ይህ አልነበረም። ባለሙያው የሽቦውን መገጣጠሚያ ፈትቶ «ነይ እይው» አለኝ። ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ቤቱ ኧርዝ ስለሌለው የገጠመው ሰው ትርፍ ሽቦ አድርጎ ቆጥሮታል። ያ ሽቦ ቢኖር ኖሮ የተሰነጠቀው ሬዚስታንስ ኤሌክትሪኩን በሽቦው ወደ መሬት ያወርደው ነበር እንጂ ልጄን መንገድ አያደርገውም ነበር። ገንዘባችንን ተቀብሎ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ተመርቆ የሄደ ሰው ነው።

ልጁ ከቤቱ ጀርባ፣ ምንጊዜም እርጥበት ከማያጣው ከዕቃ ማጠቢያው ፍሳሽ አጠገብ የብረት ዘንግ ከቁመቱ በላይ መሬት ውስጥ ቀብሮ ሽቦውን አገናኘ። ቆጣሪው ሥር ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያጠፋ፣ 30 ሚሊአምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት ብሬከር ገጠመ። የዚህ ዋጋ ከሬዚስታንሱ በለጠ። አልተከራከርኩም።

ሮቶውን ከፍ እናድርገው ወይስ ቦይለሩን ዝቅ? እኔ ሮቶው ብዬ ነበር። ባለሙያው ቆጡን በእግሩ ነካ አድርጎ «ሲሞላ አምስት ኩንታል ነው። በዚህ እንጨት ላይ ከፍ አናደርገውም» አለ። ቦይለሩን ወደ ጎን ግድግዳ አዛውሮ ደረት አካባቢ ሰቀለው። አሁን የሙቅ መውጫው ከሮቶው ወለል በታች ስለሆነ የመጨረሻው ባልዲ ውኃ እንኳ ይገፋዋል።

ማታ አበራነው። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ ለብ ብቻ አለ። እናቴ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ባለሙያው ለማደር ደብረ ታቦር ተመልሷል፤ ቴስተሩን ግን ትቶልን ነበር፣ አሠራሩንም ለልጄ አሳይቷታል። ሶኬቱ ላይ ስትለካ 180 ቮልት አነበበች። ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ የሚጥድበት ሰዓት ነው። 220 መሆን ሲገባው 180 ሲሆን በአንድ አምስተኛ የቀነሰ ይመስላል፤ የማሞቂያው ጉልበት ግን የሚቀንሰው በአንድ ሦስተኛ ነው። 1,500 ዋቱ 1,000 ይሆናል፤ በሁለት ሰዓት አካባቢ የሚሞቀው ውኃ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ዕቃው ደህና ነው። ቸኩለን ነበር እንጂ።

እየጠበቅን ምድጃ ዳር ተቀምጠን ድንች ቀቀልን። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ ገና 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚፈላ ድንቹም ባቄላውም ጊዜ ይወስዳል፤ ጨዋታ ካለ አያስቸግርም። ያኔ ጠየቅኳት። «እምዬ፣ እንዲህ ሲሆን ለምን አልነገርሽኝም?»

እሳቱን ቆሰቆሰች። «ምን ብዬ? ከልጆቻችሁ አፍ ነጥቃችሁ የላካችሁትን አበላሸሁት ልበል?» አለች። «ደግሞ ድስቱ አለ። እኔ በድስት ነው አሙቄ የምታጠብ። ያንን የማበራው እንግዳ ሲመጣ ነው፣ አንዳንድ ቀን ደህና ይሆናል እያልሁ።»

እንግዳው እኔና ልጆቼ ነበርን። ለእኛ ስትል ነው ያበራችው።

እኔ በዓመት ሃምሳ ጊዜ ያህል ደውዬላታለሁ። «እንዴት ነው ቦይለሩ?» የሚለው ጥያቄ ምርቃት ነው የሚያስመልሰው። «ትናንት በምን ታጠብሽ?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ «በድስት» ትለኝ ነበር፤ መዋሸት አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ከወንድሜ ጋር አጠያየቃችንን ለውጠናል። ስለ መነጽሯም፣ ስለ መድኃኒቷም፣ ስለ ስልኳም እንደዚያው።

ሙቀት መቆጣጠሪያው 60 ላይ ተደርጓል። ከዚያ በታች ለብ ብሎ የሚሰነብት ውኃ ሌጂዮኔላ የሚባል ለሳንባ የሚከፋ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ በሌላ በኩል 60 ዲግሪ ውኃ የልጅንና የአረጋዊን ቆዳ በሰከንዶች ያቃጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይከፈታል፣ ሙቁ ይጨመርበታል፣ በክርን ይሞከራል። የበለጠው ሕግ ግን ሌላ ነው፤ የሙቁ ቧንቧ ተከፍቶ ውኃ ሳይወርድ ማጥፊያው አይነካም። ሮቶው ባዶ ከሆነ ቦይለሩ አይበራም። ሌሊት ውኃ መምጣቱን ለመስማት የሚከፈተው የቀዝቃዛው ነው። ልጄ ይህን በካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ለጠፈችው፤ እናቴ ማንበብ ባትችልም የቀይና የሰማያዊ ጠብታ ሥዕል አለበት።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ገብታ በሩን ዘጋች። እኛ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ነበር። ውኃው ሲወርድ ይሰማል። ብዙ ቆየች። ልጄ «ደህና ናት?» ብሎ ሊያንኳኳ ሲል ከውስጥ ማንጎራጎሯ ተሰማና ተወው። ስትወጣ ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችን፤ አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ መልሳ ዘረጋቻቸው።

የወይራዋን ዘንግ ይዤ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ለከብት ትሆናለች ብላ አልሰጠችኝም።

አሁን ስደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። «የግቢው ቧንቧ ዛሬ ጧት እንዴት ነበር?»

«ኧረ ተይኝ፣» ትለኛለች፣ «የጉና በረዶ ነው፤ ጥርስ ይሰብራል።»